እናቴና አሥራ ዘጠነኛው በር

አገራችን ስም አላት። ነገር ግን ስሟን እንዲጠራ የተቀጠረው ሰውዬ ዛሬ ዕረፍት ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ የሰው ሥራ አልነጥቅም። ስለዚህ ያለ ስም ልጀምር።

በእኛ ከተማ ሰው የሚከበረው በበሩ ቁጥር ነው። ባለ አምስት በር ሲያስነጥስ ባለ አራቱ ብድግ ብሎ «ይማርህ» ይለዋል። ባለ አራቱ ሲያስነጥስ ግን ራሱን በራሱ ይማር እንጂ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከእነዚህ በሮች ብዙዎቹ የትም አያስገቡም። ስትከፍቷቸው ግድግዳ ነው። ግድግዳ መሆኑን የሚናገር ሰው ባለጌ ይባላል። እኔ ባለጌ ነኝ።

ስሜ ማንጠግቦሽ ነው፤ ዕድሜዬ አሥራ አምስት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ የትምህርት ቤታችን በር ለአንድ ሹም ቤት ተፈልጎ ተነቀለና «ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል» ተባለ። «በር የሌለው ነገር በምን ይዘጋል?» ብዬ ብጠይቅ ተባረርኩ። ከተዘጋ ትምህርት ቤት የተባረርኩ የመጀመሪያዋ ተማሪ ሳልሆን አልቀርም።

እናቴ ስንዱ በር ተሸካሚ ነበረች። ከአናጢዎቹ ሰፈር በር በጀርባዋ አዝላ ኮረብታው ድረስ ታወጣለች፤ እኔ ሚስማሩን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። የራሳችን ቤት መግቢያው ላይ ጆንያ ነው የተሰቀለበት። እናቴ «በር በጉልበት አይነሳም» ትላለች። «ትንፋሽሽን ወደ ታች ዋጥ አድርጊና ጠብቂው፤ በሩ ራሱ ይመጣል።» እኔን ስትቆጣ ግን የምትውጠው ትንፋሽ የለም፤ ያላትን ሁሉ ታወጣዋለች። ደፍ ላይ ከተቀመጥኩ ትቆጣለች። ካፏጨሁ ትቆጣለች። ተኝቼ ከሆነ ቀስቅሳ «ብርድ ልብሱን ለምን ገፈፍሽው?» ብላ ትቆጣለች። ሰፈሩ ሰዓት የሚያውቀው በእሷ ቁጣ ነበር።

ሀብታሞቻችን ግን አይቆጡም። ስሜት ያደክማል ይላሉ። ስለዚህ የሚስቅላቸው ሳቂ፣ የሚያለቅስላቸው አልቃሽ፣ ልጆቻቸውን የሚቆጣላቸው ተቆጪ፣ የሚያኮርፍላቸው አኩራፊ ይቀጥራሉ። ጌታውየው ቀልድ ሲሰማ ጣቱን ያነሳል፤ ሳቂው ይስቃል።

ኮረብታው አናት ላይ የሚኖረው ጌታ ገረመው ነው። ባለ አሥራ ስምንት በር ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ምንታምር የምትባል እኩያዬ የሆነች አንዲት ልጅ አለችው። ዘመዶቹ መክረው እመቤት ብርቄን አጩለት። በልማዱ ሙሽራው ለሰርጉ አዲስ በር ያስገጥማል፤ ሙሽሪት በዚያ ታልፋለች። በሩ ሲጠብ ክብሩ ይሰፋል። አሥራ ዘጠነኛው በር የተሠራው አንድ ሰው በጎኑ እንኳ የማይገባበት ሆኖ ነው። ስለዚህ እመቤት ብርቄ ለዘጠኝ ቀን እህል አልቀመሰችም።

በሰርጉ ዕለት ጠዋት እናቴ ያንን በር ከነመቃኑ ተሸክማ ኮረብታውን ወጣች። ጠባብ ቢሆንም ከበሮች ሁሉ የከበደው እሱ ነበር። ደጃፉ ላይ ልትደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀራት እግሯ ከዳት። በሩ ከላይ፣ እናቴ ከታች። ሮጬ ደረስኩና በሩን ገፋሁት፤ አልተነሳም። «እማ!» አልኩ። መልስ የለም። እናቴ ሳትመልስልኝ ስትቀር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ መሞቷን ያወቅሁት በዚያ ነው።

በዚያችው ቅጽበት እመቤት ብርቄ ከደጃፉ ትይዩ ባለው የእንግዳ ቤት ሰገነት ላይ ቆማ ስታይ ነፍሷ በረሃብ ሹልክ ብላ ወጣች። ዘፍ ብላ ወደቀች። ደጋፊዎቿ ውሃ ረጯት። ዐይኗን ገለጠች፤ ዙሪያዋን አየች፤ እኔ ጋ ስትደርስ እንዲህ አለች፦

«ማንጠግቦሽ! ሚስማሩን ነው መሬት ላይ የምትበትኚው? ነገ በባዶ እግርሽ ልትረግጪው?»

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ለቅሶዬን አቋርጬ ሚስማሩን ለቀምኩ።

ነፍስ ስትሳሳት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ከበሮ መቺ ሞቶ ነፍሱ የዳኛ ገላ ውስጥ ገባች፤ ዳኛው ፍርዱን ሁሉ በከበሮ መስጠት ጀመረ። ሰዉ ከበፊቱ ይሻላል ብሎ ዝም አለ። የሚያስፈራው ሕጉ ነው። በር የሌላት ነፍስ በር ባለው ገላ ውስጥ ከተገኘች፣ የነፍስ ሹሙ በወናፍ ነፍቶ ያስወጣታል። ከዚያ በኋላ የምትገባበት የለም። የእናቴን የቀድሞ ገላ ደግሞ በር ተሸካሚዎቹ በክብር ቀብረውታል። እኔም በአንድ ቀን ጠዋት እናቴን ቀበርኩ፣ ከሰዓት በኋላ ሰርጓን በላሁ።

ሰርጉ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴ የዘጠኝ ቀን ረሃብ ያለበት ገላ ነው የወረሰችው። እድምተኛው ሳይቀመጥ አንድ ሙሉ የበግ ወርች፣ ሦስት ቁራሽ ድፎ፣ አንድ ገንቦ እርጎ ጨረሰች። በሩ ፊት ስትቆም የቀሚሷ ቁልፎች አንድ በአንድ እየፈነጠሩ ነበር። በጎኗ ሞከረች፤ እምቢ አለ። ዘመዶቹ ሁሉ ፊታቸውን ሸፈኑ። እናቴ መቃኑን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ጭቃው ገና አልደረቀም። ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ትንፋሿን ወደ ታች ዋጠች፤ ጠበቀች። በሩ ከነመቃኑ መጣላት። አዝላው፣ በሩ በነበረበት ክፍት ቦታ ሰተት ብላ ገባች። ከግድግዳው ጋር አስደግፋው «ይህ ነገር ማንን ሊገድል ነው የተሠራው?» አለች።

ጌታ ገረመው ሳቀ። ጣቱን አላነሳም፤ ራሱ ሳቀ። ሳቂው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ብሎ አለቀሰ፤ አልቃሹም «የእኔን ሥራ!» ብሎ ጮኸበት።

ሰርጉ እንዲህ አለቀ። የገላውን ባለቤት ነገር ደግሞ ጠይቄአለሁ፤ የሰው ገላ ያለ ፈቃድ አይወረስማ። የእመቤት ብርቄ ነፍስ የሥጋ ቤቱ ድመት ውስጥ ገብታ አገኘኋት፤ ያወቅኋት በሳህን ካልቀረበላት አልበላም በማለቷ ነው። «እመቤቴ፣ ገላዎትን ልመልስልዎት?» አልኳት። ሽቅብ ወደ ኮረብታው አየች፤ ቁልቁል ወደ ጉበቱ አየች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ መብላቷን ቀጠለች። ይህን እንደ ፊርማ ቆጠርኩት።

አሁን የቀረው እኔ እንዴት እናቴ ጋ እንደምገባ ነበር። ደግነቱ የምንታምር አኩራፊ አግብታ ፈገግታዋን ማቆም አቅቷት ተባራ ነበር። ለቦታው ቀረብኩ። የምትፈትነኝ የቤቱ ተቆጪ እትዬ ድንቄ ናት፤ ሃያ ዓመት የሰው ልጅ በመቆጣት የኖረች፣ ድምፅዋ ወፍጮ የሆነ ሴትዮ።

«እስቲ አኩርፊ» አለችኝ።

ከንፈሬን ጣልኩት።

«ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«ብነግርሽ ማኩረፍ ይሆናል እንዴ?» አልኳት።

«ተቀጥረሻል» አለች። ነገር ግን ትኩር ብላ አየችኝ። «ያን ዕለት ሙሽሪት ስምሽን ስትጠራ ሰምቼአለሁ ልበል?»

«ቆንጆ ስም ስለሆነ ይሆናላ» አልኩና ማኩረፌን ቀጠልኩ።

በዚያ ቤት የነበረው ሕግ አንድ ነው፦ እናቴን «እማ» ማለት አልችልም። «እመቤቴ» ነው የምላት። ቀኑን ሙሉ በአጠገቤ ታልፋለች፤ እኔ ወገቤን ሰበር አድርጌ «እመቤቴ» እላለሁ፤ እሷ አንገቷን ነቅነቅ ታደርጋለች። እቃ ክፍል ውስጥ ብቻችንን ስንሆን አንድ ደቂቃ ታቅፈኝና ወዲያው «ፀጉርሽን ማነው እንዲህ የጎነጎነው? አይጥ ነው?» ትለኛለች። ያቺን አንድ ደቂቃ ስጠብቅ እውላለሁ።

ምንታምር ክፉ አልነበረችም። ባዶ ነበረች እንጂ። ጠዋት ጠዋት ትጠራኛለች፦

«ማንጠግቦሽ፣ ጫማው ጠቦኛል። እስከ ምሳ አኩርፊልኝ።»

«በጫማው ነው በጫማ ሰፊው?»

«በሁለቱም። ሰፊው ላይ ትንሽ ጠንከር አድርጊበት።»

አንድ ቀን ምንታምር እጇን ሳትታጠብ ማዕድ ቀረበች። እትዬ ድንቄ በወጉ ልትቆጣ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እናቴ ቀደመቻት። «አንቺ! ያንን እጅ ይዘሽ ነው እንጀራው ላይ የምትዘምቺው? ተነሽ! ጥፍርሽንም አሳዪኝ! ሆድሽን ቢያምሽ ማን ነው የሚያድረው አጠገብሽ፣ እኔ አይደለሁም ወይ?»

ምንታምር ደነገጠች። ታጥባ መጣችና ጆሮዬ ላይ፦

«ለዚህ ስንት ይከፍሏታል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ትቆጣኛለች?»

«ስለወደደችሽ ነዋ፣ ደደብ።»

በማግስቱ ምንታምር የሐር ቀሚሷን ለብሳ ጭቃ ውስጥ ገባች። በሚቀጥለው ቀን ዝናብ ላይ ቆመች። ቁጣውን ስትጠጣው ፊቷ ቀላ፣ ጉንጯ ሞላ፤ ማታ ማታ ራሷ ማልቀስና ራሷ መሳቅ ጀመረች። ጌታ ገረመውማ ብሶበታል። ቁርስ ላይ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ይመጣና «ገረመው! ልጅ ነህ እንዴ?» እስክትለው እንደ ሙሽራ ይጠብቃል። እሷ ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። እናቴን ሰው እንደዚያ ሲያያት አይቼ አላውቅም ነበር። ለጌታው ያለኝ ጥላቻ በዚያ ጠዋት ትንሽ ላላ።

እኔ ግን አኮረፍኩ። ቅጥር ያልሆነ፣ የራሴ ኩርፊያ። ያቺ ቁጣ የእኔ ነበረች! በጆንያው ቤት ሌላ ምንም አልነበረኝም፤ እሷ ብቻ ነበረችኝ። አሁን ባለ አሥራ ዘጠኝ በር ልጅ መጥታ ትካፈለኛለች። እኔን ደግሞ ሰው ይሰማል ብላ አትቆጣኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ሰው ፊት አንዲት ቃል አልተቆጣችኝም። ውሻው እንኳ ተቆጥታዋለች።

ሥራ የፈታችው እትዬ ድንቄ ነበረች። የሚቆጣ እመቤት ያለበት ቤት ለተቆጪ ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ነፍስ ሹሙ ወረደች። «እመቤቲቱ እመቤቲቱ አይደለችም። በር ተሸካሚዋ ናት። ልጇም እቤቱ ውስጥ እያኮረፈች ትበላለች» አለች።

የነፍስ ሹሙ አያልቅበት በማግስቱ ጠዋት መጣ። ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ኮቱ አንገቱ ድረስ የተቆለፈ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ወናፍ አስከትሎ። ቤተሰቡን ሁሉ አሥራ ዘጠነኛው በር የነበረበት ክፍት ቦታ ፊት ሰበሰበ። በሩ እስካሁን አልተመለሰም፤ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ነው ያለው።

«ሕጉ ቀላል ነው» አለ። «እናት የሆነች ነፍስ ልጇ ደፍ ላይ ተቀምጣ ስታይ ዝም ማለት አትችልም። ይቺ ልጅ ደፍ ላይ ትቀመጣለች። የፈለገችውን ብልግና ትሠራለች። ይህ ጧፍ ተቃጥሎ እስኪያልቅ እመቤቲቱ ዝም ካሉ፣ እመቤት ብርቄ ናቸው። ከተቆጧት ግን ስንዱ ናት፤ ወናፉም ዝግጁ ነው።» ጧፉን ለኮሰ። «ልጅት፣ ጀምሪ። ካስመሰልሽ ወናፉን ላንቺ ነው የማዞረው።»

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ዘረጋሁ። በግራ እጄ ዳቦ በላሁ፤ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። እናቴ ወንበሯ ላይ ናት። የሰው ገላ ቢሆንም ግንባሯ ላይ የምትቆመዋን የደም ሥር አውቃታለሁ፤ ቆማለች። አፏን ጨምቃ ይዛለች። ትንፋሿን ወደ ታች ዋጠችው፤ በር ልታነሳ ይመስል። ጧፉ ግማሽ ደረሰ። አፏጨሁ።

እውነቱን ልናገር፦ ዝም እንድትል እየጸለይኩ ነበር፤ ደግሞ በሌላ በኩል ልቤ «አንድ ጊዜ ተቆጪኝ» ይላል። ሰው ፊት። እኔን ብቻ። ይህን አሳቤን አይታው ይሁን አላውቅም። ጧፉ ጣት የምታህል ሲቀር ዳቦው ትን አለኝና ሳልኩ።

«ማንጠግቦሽ!» ብላ ተነሳች። «ዳቦ ጎርሶ ያፏጫል? ልትታነቂ ነው? ተነሽ ከደፉ ላይ፣ ብርድ ይመታሻል! አንቺ ልጅ ዕድሜዬን ጨረስሽው እኮ!»

እትዬ ድንቄ እልል አለች። ሹሙ ጣቱን አነሳ፤ ወናፉ ተነሳ። እናቴ ግን ወናፉን አላየችውም፤ ጀርባዬን እየመታች ውሃ እያጠጣችኝ ነበር። 

ወናፉ ሳይነፋ ምንታምር መጣች። የሐር ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ደፉ ላይ ዝርግፍ አለችና አፏጨች። ፉጨት አይሁንላት እንጂ፣ የሚተነፍስ ማንቆርቆሪያ ነው የምትመስለው።

«አንቺስ!» አለች እናቴ በዚያው አፍ። «ትናንት ያስልሽ አልነበር! ተነሽ ብያለሁ!»

ሹሙ እጁን አወረደ። «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?»

«የእሷ» አለች ምንታምር። መልሱ ልምምድ ያለው አይመስልም ነበር።

ሳቂው መጥቶ ተቀመጠ። አልቃሹ መጣ። ምግብ አብሳይዋ ከነጭልፋዋ መጣች። እናቴ አንዱንም አልማረችም፤ የአንዱን አንገት ልብስ አስተካከለች፣ የአንዱን አፍንጫ አስጠረገች። በመጨረሻ ጌታ ገረመው ጫማውን አውልቆ፣ ከእኛ ጋር ተጠጋግቶ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«አንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜህ! በባዶ እግር!»

«ክቡር ሹም» አለ ጌታ ገረመው ከመሬት ሆኖ፤ «ማን እንደሆነች ከሰርጉ ዕለት ጀምሮ አውቃለሁ። ብርቄ ስሜን እንኳ አታውቅም፤ ‹ባለ አሥራ ስምንት› ነበር የምትለኝ። ስንዱን ግን ሰባት ዓመት በመስኮት አይቻታለሁ። በር ተሸክማ ስትመጣ። ፍቅሬን የሚናገርልኝ ሰው ቀጥሬ ነበር፤ ዓይን አፋር ሆነብኝ። ስለዚህ ተመልሳ እንድትመጣ ሌላ በር አዝዛለሁ። አሥራ ሁለተኛውም፣ አሥራ አምስተኛውም፣ ሁሉም ለዚያ ነው። ከኋላቸው ግድግዳ ነው ያለው።»

ግድግዳ ነው! በሀብታም አፍ! እኔ ስለው ባለጌ፣ እሱ ሲለው ፍቅር።

«አሥራ ዘጠነኛውንስ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

ራሱን ደፋ። «የመጨረሻዬ ስለሆነ... ቀስ ብለሽ እንድትወጪ... ትንሽ ከበድ አስደረግሁት።»

«አንተ ነህ የገደልከኝ!» ጮኸች። ከዚያ የወረደበት ቁጣ በከተማችን ታሪክ ውስጥ ተወዳዳሪ የለውም። ታች ገበያ ድረስ ተሰምቶ ሻጮች ሚዛናቸውን አቆሙ። እሱ አለቀሰ፤ በራሱ እንባ። ትንሽ ቆይታ በቀሚሷ ጫፍ እንባውን ጠረገችለትና «ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል መናገር አቅቶህ!» አለች። ይህኛው ግን ቁጣ አልመሰለኝም።

ሹሙ አያልቅበት በዚህ መሃል ጧፉን ዘንግቶት ነበር። ሰሙ ኮቱ ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ ዞር ስትል አየችው።

«አንተ ልጅ! ያንን የመሰለ ኮት! እጅህንስ ቢያቃጥልህ? ደግሞ ምንድን ነው ይህ መገርጣት፣ ቁርስ በልተሃል?»

የስልሳ ዓመቱ ሹም ጧፉን እፍ ብሎ አጠፋ። «አልበላሁም» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ግባ። እጅህን ታጠብ።»

ታጠበ። ጥፍሩንም አሳየ። ከበላ በኋላ መዝገቡን አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አሰበና እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ነፍሲቱ የልጇ እናት መሆኗ ተረጋግጧል። ነገር ግን ልጆቿ ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ስንሞክር ቆጣሪው ራሱ ከልጆቹ መካከል ተገኝቷል። ሕጉ እናቱን በወናፍ ስለሚነፋ ሹም የሚለው ነገር የለም። ፋይሉ ተዘግቷል። እሷ የተቆጣችው ማንኛውም ሰው እማ ብሎ ሊጠራት ይችላል።»

ወናፉን አናጢዎቹ ሰፈር ላለ ቀጥቃጭ ሰጡት። እትዬ ድንቄ ማዕዘን ላይ ቆማ ነበር፤ እናቴ «አንቺስ፣ በባዶ ሆድሽ ነው እልል የምትዪው?» ብላ ስባ አስቀመጠቻት። ድንቄን በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም ተቆጥቷት አያውቅም ነበርና ሾርባው ውስጥ እያለቀሰች በላች። አሁን ዶሮዎቹን ትቆጣለች፤ እንቁላሉ ጨምሯል።

አሥራ ዘጠነኛውን በር አጋደምነውና አራት እግር ተሰካለት። የምንበላበት ማዕድ እሱ ነው፤ ጠባብ ስለሆነ ክርናችን ይጋጫል፣ ምንታምርም እኔም በዚያ እንጣላለን። ክፍቱ ቦታ ላይ እናቴ የድሮውን ጆንያችንን ሰቀለችው። የጌታ ገረመው ዘመዶች አይተው ተሳለቁ፤ ወር ሳይሞላ ግን ሁሉም አንዳንድ በር ነቅለው ጆንያ ሰቀሉ። የትምህርት ቤታችንም በር ተመለሰ። እኔም ተመለስኩ፤ የምገባው አምስተኛ ክፍል ነው።

ከሹሙ ፍርድ በኋላ ግን ከተማው ሁሉ እማ ለማለት ይሰለፍ ጀመር። ባለ ስምንት በር ጌቶች የኮታቸውን ቁልፍ አዛንፈው ይመጣሉ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰልፉ ኮረብታውን ዞሮ ነበር። «ተራሽን ጠብቂ» አሉኝ።

ተራ? እኔ?

ሁሉንም አልፌ ሄድኩና ጆንያው ሥር፣ ደፉ መሃል ላይ፣ እግሬን ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። አፏጨሁ።

«ማንጠግቦሽ!» ከውስጥ መጣ። «ከደፉ ላይ ተነሽ አላልኩም?»

«እሺ፣ እማ!» አልኩ፤ ኮረብታው ሁሉ እንዲሰማ። ግን አልተነሳሁም። አንድ ጊዜ ትድገመው ብዬ ነው።